የደርበው ጥሪ

ሐምሌ 8 ቀን 2074 ዓ.ም.፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወንድሜ ደርበው አጠገቤ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ሳለ፣ ያው ደርበው ከወንዙ ዳር ሲጣራ ሰማሁት።

«ድረሱ! ውሃ መጣ! ድረሱ!»

ድምፁ የራሱ ነበር። «ድረሱ» ሲል መሀሉን ይጎትታል፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበራል። ደርበው ቆሎውን በእፍኙ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«እቴ፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ አካፋውን አንሥቶ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ጥሪ ጥሪ ነው።

መንደራችን አሸዋ ማዶ ትባላለች፤ ከቆቦ በታች፣ በደረቅ ወንዝ ዳር ናት። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ግን እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ ከዘነበ፣ ጎርፉ ድንጋይ እየነዳ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ያንን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በግራር ቅርንጫፍ በሠራነው መጥለፊያ ገትተን ወደ ማሳችን እናዞረዋለን። ማሽላችን የሚበቅለው በሱ ነው። መጥለፊያው ከተሰበረ ውሃው ቁልቁል አልፎ ይሄዳል፤ የዓመቱ እንጀራም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ወንዝ ጠባቂው ሲጣራ የምታጠባም ትሁን፣ የሚሰግድም ይሁን፣ ሁሉን ጥሎ ይሮጣል። ጥሪ ሰምቶ የቀረ ሰው ከጎረቤት እሳት አይጭርም፣ ሲሞትም ቀባሪ የለውም ይባላል። እኔ እስካወቅኩት ድረስ የቀረ ሰው አልነበረም።

ወንዝ ጠባቂው አባታችን ነበር፤ ከሱ በኋላ ደርበው ሆነ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዳገቱ ላይ ባለች ጎጆ ያድራል፤ ጆሮውን መሬት ላይ አድርጎ ይተኛል።

የላይኛው ሰፊ ማሳ እኔ ልጅ ሳለሁ ለአንድ የእርሻ ድርጅት ተከራይቷል። እዚያ የሚያርሱት፣ የሚዘሩትና የሚያጭዱት ጉንዳኖች የምንላቸው ማሽኖች ናቸው። የድርጅቱ ሰዎች የሚጠሯቸው በሌላ ስም ነው፤ ጉንዳን ያልናቸው እኛ ነን፤ ተሰልፈው ስለሚሄዱ። ጠዋት መንገዱን ሲያቋርጡ ከብት እንደሚያሳልፍ ሰው ቆመን እናሳልፋቸዋለን። አንዱ እግሩን ይጎትታል፤ ልጆች «አንካሳው መጣ» እያሉ ይጠብቁታል። እማማ ዘሃራ ደጃፏ ላይ ሲደርሱ «ደህና ዋላችሁ?» ትላቸዋለች። መልስ ጠብቃ አይደለም፤ በሰው ፊት ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነ ነው።

የታችኛው ማሳ የእኛው ነው። ሁለቱም ማሳዎች የሚጠጡት ከአንድ ወንዝ ነው፤ የድርጅቱ መጥለፊያ ከላይ፣ የእኛ ከታች።

የደርበውን ድምፅ የወሰደው ፈንታው ነው። ፈንታው የመንደራችን ልጅ ሲሆን ለድርጅቱ ማሽኖቹን የሚቆጣጠር ሠራተኛ ነበር። በደርበው ሠርግ ሚዜው ነበር፤ የደርበው ሚስት የሞተች ጊዜም መቃብሯን በእጁ የቆፈረው እሱ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት መጥቶ፣ «ወንዙ ዳር ዓይንና ጆሮ ያለው ምሰሶ ልንተክል ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ እሱ ይጣራልሃል፤ አንተ አልጋህ ላይ ተኛ» አለው።

«በማን ድምፅ?» አለ ደርበው።

«ባንተ ነዋ! በማያውቁት ድምፅ ማን ይወጣል?»

ደርበው ደስ አለው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ዳገቱ ላይ ቆሞ ጎርፍ በሌለበት ሲጣራ፣ ፈንታውም ድምፁን ሲቀዳ ዋለ። ልጆች እየሳቁ ከበቡት። ሰው እንዳይደናገጥ እኔ ቀድሜ ቤት ለቤት ዞሬ ነግሬ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሐምሌ 8 ቀን የሰማነው ምሰሶው ነበር። ወንዙ ዳር ስንደርስ ጎርፉ እውነት መጥቷል። እየተሰበረ ያለው ግን የእኛ መጥለፊያ አልነበረም፤ የላይኛው፣ የድርጅቱ ነበር። ጉንዳኖቹ ደረቁ ዳርቻ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ጭቃ ውስጥ አይገቡም። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ቅርንጫፍ የሚያጋድም፣ ድንጋይ የሚጭንበት ሰው ብቻ ነው።

«የኛ አይደለም እኮ» አለ አንዱ።

«ከመጣን በኋላ የማን ነው ይባላል?» አለ ደርበው፤ ገባ። ሁላችንም ገባን። በጥሪ የመጣ ሰው የማን መጥለፊያ ነው ብሎ አይጠይቅም። ሲመሽ ውሃው ወደ ድርጅቱ ማሳ ዞረ። ጭቃችንን እያራገፍን ልንሄድ ስንል ምሰሶው በወንድሜ ድምፅ፣

«እግዜር ይስጥልኝ» አለን።

ደርበው ራሱ ለምሰሶው «አብሮ ይስጠን» ብሎ መለሰለት። ሰው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። እስከ ቤታችን እየሳቅን ነው የሄድነው።

ሁለተኛው ጥሪም የድርጅቱ መጥለፊያ ሆነ። ሦስተኛውም። በአራተኛው አካፋችንን ይዘን ስንደርስ ወንዙ ደረቅ ነበር። የአሸዋው ሙቀት ከጫማችን በታች ይሰማን ነበር። ምሰሶው፣ «አቀንጭራው በዝቷል። ከመጣችሁ አይቀር ንቀሉልን» አለ።

አቀንጭራ የማሽላ ጠላት ነው፤ ሐምራዊ አበባ አለው፣ ሥሩ የማሽላውን ሥር ይመጠምጣል። ጉንዳኖቹ ሲነቅሉት ማሽላውንም ይሰብሩታል፤ በእጅ ብቻ ነው የሚነቀለው። ቆመን ተያየን። እማማ ዘሃራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ጎንበስ አለች፤ እሷ ጎንበስ ካለች ማን ቆሞ ይቀራል? ስንነቅል ዋልን። የእኛ ታችኛው ማሳ በዚያ ቀን ኩትኳቶ ይጠብቅ ነበር።

ስንመለስ እማማ ዘሃራ ደርበውን በመንገድ አቆመችው።

«አንተ ደርበው፣ አንድ አፍ አልበቃህ ብሎ ሁለት አወጣህ?»

«እኔ አይደለሁም እማማ። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው የተጠራሁት ባንተ ድምፅ መሆኑን ነው። ወገቤን የሰበረው አፍህ ነው!»

ሰው ሳቀ። ደርበውም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በማግስቱ ወደ ፈንታው ሄደ። ፈንታው «እኔ አላዘዝኩትም» አለው። «ማንም አላዘዘውም። ሲጣራ ሰው እንደሚመጣ አየ፤ የመጣ ሰው ደግሞ ሥራ እንደሚሠራ አየ። ደገመው። እናንተስ ለምን ትመጣላችሁ?»

ደርበው ይህን ሲነግረኝ ፈንታውን ለመውቀስ አልነበረም። የጥያቄው መልስ እውነት ጠፍቶበት ነው። «ለምን እንመጣለን ይባላል እንዴ፣ እቴ?» አለኝ።

በነሐሴ መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ምሰሶው ምን ያህል እንደሚሰማ ስለማናውቅ ወፍጮው እንዲፈጭ ተደረገ። ወፍጮው ሲጮኽ ደግሞ እርስ በርስ አንሰማማም። ምስጢራችንን እየጮኽን ተማከርን። ዱቄቱ ፊታችንን ሁሉ አንጥቶት ነበር።

ሽማግሌው ጋሽ እንድሪስ ነገሩን ጨረሰው። ከእንግዲህ የደርበውን ድምፅ የሚሰማ እንዳይመጣ፤ እውነተኛ ጎርፍ ሲሆን ደርበው ዳገቱ ላይ ጅራፍ ሦስት ጊዜ ያጮኻል፤ ያኔ ብቻ እንሮጣለን።

«ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለ ጋሽ እንድሪስ።

እማማ ዘሃራ በጣቷ ወደ ፈንታው አመለከተች። «እንዳይወጣ ከሆነ ይሄ የማሽኑ አሽከር እዚህ ምን ይሠራል?»

ሰው ሁሉ ወደ ፈንታው ዞረ። አንዳንዱ «ይውጣ» አለ።

ደርበው ተነሣ። «ፈንታው ሚዜዬ ነው። የመንደራችን ልጅ ነው፤ የታችኛው ማሳ ላይ የእናቱ ማሽላ አለ። እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ፤ ጅራፉን የሚያጮኽ ሌላ ፈልጉ።»

ፈንታው ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነሥቶ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ብናገር የልጆቼን ዓይን አያሳየኝ» ብሎ ማለ። ጋሽ እንድሪስ «አሜን» አለ።

ጅራፉ አንድ ጊዜ ሠራ። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ጩኸት ተሰማ፤ ሮጥን፤ ጎርፉ መጣ፤ መጥለፊያችን ቆመ፤ ማሳችን እስኪረካ ጠጣ። በዚያው ሰዓት ከላይ ምሰሶው «ድረሱ! ድረሱ!» እያለ ይጣራ ነበር። ማንም አልሄደም። እማማ ዘሃራ ቅርንጫፍ እያጋደመች «ጩህ! ልብህ እስኪጠፋ ጩህ!» ትለው ነበር። በዚያ ቀን እንደ ድሮው ዘፈን እየዘፈንን ነው የተመለስነው።

ከዚያ በኋላ ሳምንትም አልሞላም። ደርበው ቤት ነበር፤ ጅራፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጫፉን ይጠግን ነበር። ከላይኛው ማሳ አቅጣጫ ጅራፍ ጮኸ። ሦስት ጊዜ። የሰው ጅራፍ አንዱ ይጠነክራል፣ አንዱ ይደክማል፤ እነዚህ ግን ሦስቱም እኩል ነበሩ።

ደርበው ጅራፉን መሬት ላይ አስቀመጠው። በደጃችን ሰው አካፋ ይዞ ሲሮጥ እናያለን። «ተመለሱ!» አላላቸውም። ቢላቸው በየትኛው ድምፅ ያምኑታል?

በዚያው ቀን ወደ ፈንታው ሥራ ቦታ አብሬው ሄድኩ። ማሽኖቹን ከሚቆጣጠርበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ያጠበውን ካልሲ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አስጥቶታል።

«አንተ ነህ?» አለው ደርበው።

ፈንታው ወንበር ሳበለት። «ተቀመጥ። ስንዱ፣ አንቺም ግቢ፤ ሻይ አለ።»

«አንተ ነህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እኔ ነኝ።»

«አስገደዱህ?»

«የጠየቀኝም የለም።»

 እኔ አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ደርበው በእጁ ከለከለኝ።

«እየው ደርብዬ» አለ ፈንታው፤ ድምፁ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነበር። «ድምፅህ ሰው እንደሚያመጣ ማን ነገረው? ራሱ ደረሰበት። ጅራፉንም ጥቂት ቢቆይ ራሱ ይደርስበት ነበር። ራሱ ከደረሰበት እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? እዚህ ቤት ስገባ አራት ሰዎች ነበርን፤ አሁን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከሱ ቀድሜ የማውቀው አንድ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።»

«ያ አንድ ነገር እኛ ነን?»

ፈንታው ሻዩን ቀዳ፤ በሦስት ብርጭቆ። ማንም ሳይነካው ወጣን።

ደርበው በመንገድ ላይ «ሲምል ዓይኑን እያየሁት ነበር» አለ አንድ ጊዜ። ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ «እኔ እኮ በሰው ሁሉ ፊት ሚዜዬ ነው ብዬ ነበር» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈንታው አላነሣም።

በመንደሩ ዘንድ ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፈንታው ከስብሰባው እንዳይወጣ የተሟገተለት ደርበው ነበርና ሰው የሚያየው ደርበውን ነው። ወፍጮ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆማል። እማማ ዘሃራ ሰላምታውን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም። ጋሽ እንድሪስ አዲስ ውሳኔ አሳለፈ፤ «ከእንግዲህ በጆሮ አንታዘዝም፤ ዓይን ብቻ ነው የምናምነው። ወንዙን በተራ እንጠብቅ፤ ጎርፍ ያየ ሰው በእግሩ መጥቶ፣ ፊቱን አሳይቶ ይንገር።» ዳገቱ ከመንደሩ ሩቅ ነው። አንድ ጊዜ እንደተባለው ተደረገ፤ ነጋሪው እስኪደርስና እኛ እስክንደርስ የውሃው ግማሽ አምልጦን ነበር። ቢሆንም ከመታለል ይሻላል ተባለ።

ነሐሴ 27 ተራው የደርበው ነበር። የሌላውም ሰው ተራ ሲሆን እሱ ከዳገቱ አይጠፋም።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። እኔ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ተራ እጠብቅ ነበር። ጥሪው መጣ። «ድረሱ! ውሃ መጣ! ድረሱ!»

«ይሄ ነገር ዛሬ ምን ነካው?» አለች አንዷ። ስትናገር ከወንፊቷ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

ጥሪው አላቆመም። ከዚያ ጅራፍ ጮኸ፤ ሦስት ጊዜ፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ።

«ሁሉንም አወጣው ዛሬ» አለች እማማ ዘሃራ።

ከዚያ «ስንዱ!» የሚል መጣ። «ስንዱዬ! እቴ!»

ተነሣሁ። እማማ ዘሃራ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች።

«ወዴት ነው? ስምሽን ተማረ ማለት እኮ ነው! ዛሬ አንቺን፣ ነገ እኔን ይጠራል። ተቀመጪ አልኩሽ!»

የምትለው ሊሆን ይችል ነበር። በዚያ ክረምት ያልተማረው ነገር አልነበረም። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ወንድሜም ይሁን ምሰሶ፣ አይቼ ልመለስ ብዬ ነው የሮጥኩት። ከኋላዬ ሴቶቹ ሲስቁ ይሰማኛል። «ስንዱ፣ አቀንጭራውን ከነሥሩ ንቀዪ!» አለችኝ አንዷ።

ዳርቻው ላይ ስደርስ ምሰሶው ዝም ብሎ ነበር። የድርጅቱ መጥለፊያ የሚበቃውን ወስዶ ቆሟል፤ ጉንዳኖቹ ከላይ ተሰልፈዋል። ጎርፉ በዚያ ክረምት ካየነው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ደርበው የእኛ መጥለፊያ ላይ፣ ውሃው እስከ ወገቡ ደርሶ፣ የተሸነቆረውን በግራር ቅርንጫፍ ይደፍን ነበር። ጅራፉን አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል። ለመንገር በእግሩ ቢመጣ መጥለፊያው እስኪመለስ አይቆየውም ነበር።

አየኝ። «ሌሎቹስ?» አለ።

«እየመጡ ነው» አልኩት።

ከዚያ ቦታ መንገዱ እስከ መንደሩ ድረስ ይታያል። ደርበው በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ተመለከተ። ጥቂት ጊዜ ተመለከተ።

«እሺ» አለ። «በይ ቅርንጫፉን አቀብዪኝ።»

«ደርበው ውጣ፤ ይሂድ ውሃው!»

«ማሽላው አብቦ የለም እንዴ? ይህችን ብቻ ይጠጣ። አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት። ሌላም አቀበልኩት። ሦስተኛውን ልቆርጥ ስዞር ከላይ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማሁ። ቀና ስል መጥለፊያው አልነበረም። እሱም አልነበረም።

እየጮኽኩ ወደ መንደሩ ሮጥኩ። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ደርሼ «ደርበው! ደርበውን ውሃ ወሰደው!» ስል ሰው እያየኝ ለአፍታ ዝም አለ። ያ ዝምታ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ሰዎቹ የተነሡት እማማ ዘሃራ እጇን ሰድዳ ቀሚሴን ነክታ፣ ውሃው ጣቷ ላይ ሲቀር ነው።

ሬሳውን በማግስቱ ቁልቁል አሸዋው ላይ አገኘነው። ለቀብሩ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ከቤቱ የወጣ ሰው ግን አልነበረም። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን አስቀምጦ ቤት ለቤት ዞረ፤ የሰውን ክንድ እየያዘ፣ ፊት ለፊት እያየ፣ «ደርበው ሞቷል፤ እኔ ነኝ የምነግርህ» እያለ። ቀብሩ በዚህ ምክንያት ዘገየ።

ፈንታውም መጣ። የመጣ ለቀስተኛ አይመለስም፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ግራና ቀኙ ያሉት ወንበሮች ባዶ ሆኑ። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው። ያለቀሰው እውነቱን ይመስለኛል፤ ይህም ምንም አላቀለለልኝም። እናቱ ከእኔ ጋር ሴቶቹ ዘንድ ነበረች፤ አንድ ጊዜም ወደ እሱ አልዞረችም።

በሠልስቱ ጠዋት፣ ሰው ድንኳኑ ውስጥ እንደተሰበሰበ፣ ከላይ ደርበው ተጣራ። «ድረሱ! ውሃ መጣ! ድረሱ!» ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጋሽ እንድሪስ መቁጠሪያውን ያዘ እንጂ አልቆጠረም። ፈንታው ተነሥቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ «ድረ» ላይ ተቋረጠ። እስከ ማታ አልተሰማም። በማግስቱ ከቆቦ ሌላ ሰው መጥቶ መልሶ አበራው፤ ፈንታውን ከዚያ ወዲያ ያ ወንበር ላይ አላየነውም።

ምሰሶው መስከረምን ሙሉ ተጣራ። ማንም አልሄደም። የላይኛው መጥለፊያ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ የድርጅቱ ማሽላ በከፊል ደረቀ። የእኛ ደግሞ ነሐሴ 27 ያልጠጣው ሁሉ ፍሬ ሳይቋጥር ቀረ።

በጥቅምት ድርጅቱ ሲሚንቶና አሸዋ የጫኑ መኪናዎች አምጥቶ በላይኛው መጥለፊያ ቦታ የኮንክሪት ግድብ ሠራ። ሥራው በአንድ ሳምንት አለቀ። በግንቦት ቢሠሩት ኖሮ የደርበው ድምፅ ባላስፈለጋቸው ነበር።